«የት ሄደሽ ነበር?»

ጥያቄ

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤

እንደምን ሰነበቱ? የ38 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለትዳርና የአንዲት ልጅ እናት። ሙያዬ የሳይካትሪ፣ ማለትም የአእምሮ ሕክምና፣ ነርስነት ነው። መጀመሪያ አምስት ዓመት ሆስፒታል ውስጥ፣ የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ሠራሁ። ላለፉት ሰባት ዓመታት ግን ሥራዬ ከግቢ ውጪ ነው። ወደ ሕክምና መምጣት የማይችሉ ሰዎች ጋ እኔ እሄዳለሁ። የመጓጓዣ ገንዘብ የሌላቸው አሉ። ጎዳና ላይ የሚያድሩ አሉ። ቤተሰብ አፍሮባቸው ከጓሮ ክፍል የማይወጡም አሉ። መርፌያቸውን እወጋለሁ፣ መድኃኒታቸውን እከታተላለሁ፣ አስታማሚዎቻቸውን አነጋግራለሁ። ሰው ምን ትሠሪያለሽ ሲለኝ ደረቴን ነፍቼ የምናገረው ስለዚህ ሥራ ነው።

ቡድናችን ሦስት ሰው ነበር። ሶሻል ወርከሯ ከለቀቀች ስምንት ወር ሆናት፤ በቦታዋ የተተካ የለም። አሁን እኔና አንዲት ነርስ ባልደረባዬ ብቻ ቀርተናል። በእኔ ስም 74 ታካሚዎች አሉ። ሐኪሙ በሁለት ሳምንት አንዴ ይመጣል።

ከስድስት ወር በፊት የአሥር ቀን ፈቃድ ወጣሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ፈቃድ አልወሰድኩም ነበር። ከታካሚዎቼ አንዱ በየወሩ መርፌ የሚወስድ የ29 ዓመት ወጣት ነው። አራት ዓመት ደህና ሆኖ እንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። የመርፌው ቀን እኔ ፈቃድ ላይ ሳለሁ ዋለ። ለባልደረባዬ በቃል ነግሬያት ነበር። እሷም በራሷ ሰዎች ተወጥራ ረሳችው። ስመለስ የተጠራቀመው ሥራ ዋጠኝና ቀጠሮው ማለፉን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ቤቱ ስሄድ የለም። ከስድስት ሳምንት በኋላ ጎዳና ላይ አገኘሁት። ባዶ እግሩን ነበር፤ አንዱ እግሩ ቆስሏል። ሲያየኝ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «የት ሄደሽ ነበር?»

አሁን ሕክምናው ላይ ነው፤ ሥራውን ግን አጥቷል። ከዚያ ወዲህ እኔም እንቅልፍ የለኝም። ፈቃድ የሚባል ነገር ትቻለሁ። ለታካሚዎቼና ለአስታማሚዎች ሁሉ የግል ስልኬን ሰጠሁ። ሌሊት ይደወላል፣ እሑድ ይደወላል። ልጄ አንድ ቀን ስልኬን ጫማዋ ውስጥ ደበቀችብኝ። ባለቤቴ «አንቺ ቤት የምትቆዪው ስልክሽ እስኪጠራ ነው» ይለኛል። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት እያለቀሰች ስታወራኝ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። እንዲህ አድርጌ አላውቅም።

አሁን አንድ ሆስፒታል የዎርድ፣ ማለትም የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል፣ ኃላፊ እንድሆን ጠይቆኛል። ደመወዙ ይሻላል፤ ሰዓቱም የታወቀ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ይፈልጋሉ። የድሮ ጓደኞቼ «መርፌ እየወጋሽ መዞር ሙያሽን አዛገው፣ ተመለሺ» ይሉኛል። ብሄድ እነዚህን ሰዎች የከዳሁ ይመስለኛል። ብቆይ ደግሞ እያለቅሁ ነው። ምን ይሻለኛል?

ስልኳ የማያርፍ ነርስ

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ስለ እንቅልፍሽ ከጻፍሽው ይልቅ ሰዓቱ ብዙ ነገረኝ።

እስቲ ከወጣቱ እንጀምር። «የት ሄደሽ ነበር?» ሲልሽ እንደ ክስ ነው የሰማሽው። እኔ ደብዳቤሽን ሳነብ ክስ አልመሰለኝም። ሕመሙ አገርሽቶበት፣ እግሩ ቆስሎ፣ ጎዳና ላይ ሆኖ አንቺን አየና ለየሽ። መቅረትሽን አስተውሏል። ከማንም ጋር መነጋገር ባቆመበት ሰዓት ከአንቺ ጋር ተነጋገረ። አራት ዓመት የሠራሽው ሥራ እዚያ ጥያቄ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ድምፁን የሰማሽው አንቺ ነሽና ልሳሳት እችላለሁ። ግን እሱን ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? «ያን ቀን እንዲያ ያልከኝ ተቆጥተህ ነበር?» ብለሽ?

ያም ሆኖ «ምንም አላጠፋሽም» ብዬ ላልፈው አልፈልግም። አታምኚኝም። በቃል ማስረከብሽ ስህተት ነበር። ያውም አንቺም ባልደረባሽም የየራሳችሁን ሰው በጭንቅላታችሁ ተሸክማችሁ በምትዞሩበት ቡድን ውስጥ። ፈቃድ መውጣትሽ ግን ስህተት አልነበረም። አንቺ ሁለቱን አንድ ላይ አስረሽ ነው እስካሁን ራስሽን የምትቀጪው።

ደግሞ ከእኔ በላይ የምታውቂውን አንድ ነገር ላስታውስሽ። ያ መርፌ ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ ቀስ እያለ የሚለቅ ነው። ቀኑ ባለፈ ማግስት ከሰውነት ተጠራርጎ አይወጣም። ያ ማለት ሰውየው ከመውደቁ በፊት ሊፈለግ የሚችልበት ጊዜ ነበር። ቀኑ ማለፉን የሚያሳይ አንድ ወረቀት ቢኖር ኖሮ ማንም ሰው፣ የካርድ ክፍል ሠራተኛም ቢሆን፣ «ይሄ ሰው አልመጣም» ማለት ይችል ነበር። ወረቀቱ አልነበረም። ስለዚህ ታካሚው የነበረው ክር አንድ ብቻ ሆነ፤ እሱም አንቺ።

አንቺ ግን ከዚህ የወሰድሽው ትምህርት ሌላ ነው። «እኔ ከጎደልኩ ሰው ይወድቃል፤ ስለዚህ አልጎድልም» አልሽ። የግል ስልክሽን ለሁሉም ሰጠሽ። ልብሽን ይገባኛል። ነገር ግን እንዲህ በማድረግሽ ክሩ ሁለት አልሆነም። ያው አንዱ ክር ነው ይበልጥ የተወጠረው። ነገ ብትታመሚ እነዚያ 74 ሰዎች ያላቸው ያንኑ የማይነሳ ስልክ ነው።

ቁጥሩን ራሱን እንየው። በወር ውስጥ 22 ገደማ የሥራ ቀን አለ። 74ቱን በወር አንድ ጊዜ ብቻ ለማየት በየቀኑ ከሦስት ሰው በላይ ማዳረስ አለብሽ። አድራሻ የሌለውን ሰው መፈለግ፣ ያገረሸበትን ሆስፒታል ማድረስ፣ ካርድ መሙላት፣ መድኃኒት ሲጠፋ መሯሯጥ ሳይቆጠር። በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ማዲሰን በምትባል ከተማ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በየቤታቸው የሚያክም ቡድን ተቋቁሞ ነበር፤ አሠራሩ በኋላ ወደ ብዙ አገር ተዳርሷል። በዚያ አሠራር አንድ ባለሙያ የሚደርሰው አሥር ገደማ ታካሚ ነው። ከዚያ ደግሞ ታካሚው የአንድ ነርስ አይደለም፣ የቡድኑ ነው። ሁሉም ሁሉንም ያውቃሉ። አንዷ ፈቃድ ብትወጣ ታካሚው ሌላዋን በስሟ ይጠራታል። አሥር ሰው ብቻ ይሰጡሽ ማለቴ አይደለም፣ እሱ ቅንጦት ነው። ግን በአንቺና በእነሱ መካከል ያለው ልዩነት የትጋት አለመሆኑን ልብ በይልኝ።

ስልኩን የዘጋሽባት እናት ነገር ከሁሉም በላይ ያስደነገጠሽ ይመስለኛል። ክፉ የሆንሽ መስሎሻል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ የሥራ ዝለት ተጠቅሷል፤ በሽታ ተብሎ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ተብሎ። ሦስት ምልክት አለው። አቅም ተሟጦ ማለቅ፣ ከሥራው በስሜት መራቅ ወይም መመረር፣ እና የምሠራው ነገር አይረባም የሚል ስሜት። ስልኩን የዘጋው እጅሽ ሁለተኛው ነው። ይሄ ጭካኔ አይደለም፤ የሞላ ዕቃ ሲፈስ ነው። ለእናቲቱ ግን ደውዪላት። «ያን ቀን ደክሞኝ ነበር፣ ይቅርታ» ማለት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አንቺንም ያሳርፍሻል።

እንቅልፉ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ይህን ያህል ወር ብዙ ነው። አንድ ታካሚ መጥቶ «ከወራት ወዲህ አልተኛሁም፣ አንድ ትዕይንት እየተመላለሰ ያስቸግረኛል» ቢልሽ ምን ታደርጊ ነበር? ቀጠሮ ትሰጪው ነበር። ለራስሽም ስጪ። የሥራ ባልደረባሽ ያልሆነ፣ በኮሪደር የማታገኚው ባለሙያ ፈልጊ። ሙያሽ ስለሆነ በቀጥታ ብጠይቅሽ አትቀየሚኝም፦ ባልነቃ ደስ ይለኛል የምትዪበት ቀን አለ? ካለ የዎርዱም የስልኩም ጉዳይ ይቆይ፤ ዛሬ ለባለቤትሽ ንገሪውና ነገ አብራችሁ ሂዱ።

«ሙያሽ ዛገ» የሚሉሽን ጓደኞች በተመለከተ ብዙ አልደክምም። ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ከ10 እስከ 20 ዓመት ቀድመው ይሞታሉ። አብዛኞቹን የሚገድላቸው ደግሞ እንደማንኛውም ሰው ልብ፣ ስኳር፣ ሳንባ ነው፤ ማንም ሳይለካቸው። አንድ ሰው ክብደቱ በመድኃኒቱ ምክንያት መጨመሩን፣ ምላሱና ከንፈሩ ሳያስበው መንቀሳቀስ መጀመሩን፣ የደም ግፊቱ መውጣቱን ደጃፉ ላይ ቆሞ የሚያይ ነርስ «መርፌ የሚወጋ» አይባልም። ጁልያን ቱዶር ሃርት የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም በ1971 የጻፈው ነገር አለ። ጥሩ ሕክምና በጣም የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ጋ በጣም በጥቂቱ ነው የሚደርሰው ይላል። አንቺ ሰባት ዓመት የቆምሽው እዚያ ጫፍ ላይ ነው። ጓደኞችሽ አንድ ቀን ብቻ አብረውሽ ይዙሩ።

ይሄን ያልኩት ግን ቆዪ ለማለት አይደለም። ዎርድ መመለስም ክህደት አይደለም። ከዎርድ የሚወጣው ታካሚ ነገ የማኅበረሰብ ነርስ የምትፈልገው ያው ሰው ነው። መውጫ ወረቀቱ ላይ አድራሻና የአስታማሚ ስልክ በትክክል ሳይጻፍ፣ ለውጪው ቡድን ሳይነገር ስንቱ ጠፍቶብሻል? የዎርድ ኃላፊ ብትሆኚ ያን በር በደንብ መዝጋት የምትችዪው አንቺ ነሽ። ውጪውን የሚያውቅ ሰው እዚያ ወንበር ላይ ብዙ ጊዜ አይቀመጥም። ደመወዙን መፈለግም አያሳፍርም። እኔን የሚያሳስበኝ የምትሄጂበት ምክንያት ነው። ስልኩን ለመሸሽ ብቻ ከሆነ ጥፋተኝነቱ ተከትሎሽ ዎርድ ይገባል።

ስለዚህ ልጠይቅሽ። አዲሱን ሥራ ስታስቢ፣ ጠዋት ነጭ ጋውንሽን ለብሰሽ ርክክብ ስትሰሚ፣ የፈረቃ ድልድል ስትሠሪ፣ ውስጥሽ ምን ይላል? ደስ ይለዋል ወይስ እፎይ ብቻ ነው የሚለው? ሁለተኛ ጥያቄ። አሁን ያለሽበት ሥራ 30 ታካሚና አንድ ተጨማሪ ባልደረባ ቢኖረው፣ ማታ የማይጠራ ስልክ ቢኖረው፣ ያኔስ ትለቂዋለሽ? ለሁለተኛው መልስሽ «በጭራሽ» ከሆነ የደከመሽ ሥራው ሳይሆን አሠራሩ ነው። «ያኔም እለቃለሁ» ካልሽ ደግሞ ሰባት ዓመት በቂ ነው። ዕዳ የለብሽም።

ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የዚምባብዌ የአእምሮ ሐኪም አለ። አንዲት ወጣት ታካሚው ራሷን አጠፋች። ሆስፒታል እንድትመጣ ተነግሯቸው ነበር፤ ቤተሰቦቿ ግን የአውቶቡስ መሳፈሪያ አልነበራቸውም። አገሩ ውስጥ ከነበሩት በጣት የሚቆጠሩ የአእምሮ ሐኪሞች አንዱ እሱ ነበር። ስልኩን ለሁሉም ሰጥቶ ሌሊቱን ሙሉ መንቃት ይችል ነበር። እሱ ግን ሐራሬ ውስጥ በሚገኙ ጤና ጣቢያዎች ግቢ አግዳሚ ወንበር አስቀመጠ። ከ2006 ጀምሮ 14 አያቶችን አሠልጥኖ እነዚያ ወንበሮች ላይ አስቀመጣቸው። ሰዎች እየመጡ ጭንቀታቸውን ይነግሯቸዋል፤ አያቶቹም ችግሩን ደረጃ በደረጃ አብረው ይፈቱታል። በ2016 የታተመ ጥናት በእነሱ የታገዙት ሰዎች ከድብርት ምልክቶቻቸው በእጅጉ እንደተሻላቸው አሳይቷል። አንቺ የምታክሚያቸው ሕመማቸው ከዚያ የከበደ ነውና አያት መርፌ ትውጋ አልልሽም። ግን ያዘነው ሐኪም ሐዘኑን ምን እንዳደረገው አየሽ? እጅ አበዛበት።

አሁን ወደ ሚሠራው ነገር ልምጣ። ሆስፒታሉን ሁለት ሳምንት ተጨማሪ ጊዜ ጠይቂ። የሚፈልጉሽ እነሱ ናቸው፣ ይሰጡሻል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከባልደረባሽ ጋር ግማሽ ቀን ቁጭ በሉና 74ቱን ስም አንድ በአንድ እዩ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ይሄ ሰው ሁለት ሳምንት ባይታይ ምን ይሆናል? አንዳንዱ ምንም አይሆንም። ጥቂቶቹ ግን ያስፈሩሻል። በስማቸው ትይዩ የመርፌ ቀን፣ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ስልክ፣ እና የምትተካሽ ነርስ ስም ይጻፍ። ጎዳና ላይ ለሚያድሩት ስልክ ከሌለ የሚቀመጡበትን ቦታና የሚያውቃቸውን የጥበቃ ሠራተኛ ጻፉ። ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ አልልም፤ የሰው ሚስጥር ነው። ሁለታችሁም ሐኪሙም በምትከፍቱት መሳቢያ ይሁን።

ለእያንዳንዱ አስታማሚ ደግሞ የማገርሸት ምልክቶችን አብራችሁ ጻፉላቸው። እናቶች እኮ ያውቁታል። «መጀመሪያ እንቅልፍ እንቢ ይለዋል፣ ከዚያ መስኮት መዝጋት ይጀምራል» ይሉሻል። ምልክቱ ሲመጣ ቀን ለማን እንደሚደወል፣ ሌሊት ከሆነ ወደ የትኛው ድንገተኛ ክፍል እንደሚሄዱ ይጻፍ። ግማሹ የሌሊት ጥሪ እዚህ ላይ የሚቀንስ ይመስለኛል።

ስልኩን በአንድ ጊዜ አትዝጊው፤ ያስደነግጣቸዋል። ለቡድኑ የራሱ ሲም ካርድ ይውጣለት። በየተራ ያዙት፣ ሰዓት ይኑረው። ለታካሚዎችሽ በአካል ስትሄጂ ንገሪያቸው፦ «ከመጪው ወር ጀምሮ በዚህ ቁጥር ደውሉ። አንዳንዴ እኔ አነሳዋለሁ፣ አንዳንዴ ባልደረባዬ። ማታ ከሆነ ግን እዚህ ሂዱ።» አንዳንዶቹ ይቀየማሉ። ይቀየሙ። ከማይነሳ ስልክ ሰዓቱ የታወቀ ስልክ ይሻላቸዋል።

ከዚያ አለቃሽ ጋ በወረቀት ግቢ። ለቅሶ አይደለም፣ ቁጥር ይዘሽ፦ 74 ታካሚ፣ ስምንት ወር ባዶ የሆነ የሥራ መደብ፣ አንድ ፈቃድ፣ አንድ የጠፋ ሰው። ሦስት ነገር ጠይቂ። የሶሻል ወርከሩ ቦታ መቼ እንደሚሞላ በቀን፣ ፈቃድ ስትወጪ የሚተካ ሰው፣ እና በወር አንዴ ሐኪሙ የከበዱ ታካሚዎችን ጉዳይ ከእናንተ ጋር ተቀምጦ የሚወያይበት ሰዓት። «እስቲ እናያለን» ካለሽ ያንንም እንደ መልስ ቁጠሪው። ሆስፒታሉንም መጠየቅ ትችያለሽ። በሳምንት ግማሽ ቀን ከውጪው ቡድን ጋር ለመሥራት ይፈቅዱልኛል ወይ ብለሽ። አይሆንም ይሉ ይሆናል፤ መጠየቅ ግን ወጪ የለውም።

ባለቤትሽ የተናገረው ቁጣ ቢመስልም ናፍቆት ያለበት ይመስለኛል። ይሄን ሁሉ ከወሰንሽ በኋላ ሳይሆን ሳትወስኚ ንገሪው። ልጅሽ ጫማ ውስጥ የደበቀችውን ስልክ ደግሞ ለአንድ ሰዓት ራስሽ ስጫት፤ የት እንደምትደብቀው እሷ ትምረጥ።

መሄድን ከመረጥሽ አንድ ነገር አደራ እልሻለሁ። በድንገት እንዳትጠፊ። የሳይካትሪ ነርስነትን ንድፈ ሐሳብ በ1952 የጻፈችው ሂልደጋርድ ፔፕሎ መለያየትን የነርስና የታካሚ ግንኙነት የመጨረሻው ምዕራፍ አድርጋ ቆጥራዋለች። ስንብቱ ራሱ የሕክምናው አካል ነው ማለት ነው። ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ንገሪያቸው። ከምትተካሽ ሰው ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ አብረሽ ሂጂ። የሚያለቅስም የሚሰድብሽም ይኖራል፤ አድምጪው።

ወጣቱን ግን ለመጨረሻ አታቆዪው። እሱ የት ሄደሽ ነበር ብሎ የጠየቀሽ ከሄድሽ በኋላ ነው። በሚቀጥለው የመርፌው ቀን ባልደረባሽን ይዘሽ ሂጂና አስተዋውቂያቸው። ብትቆዪም ይዘሻት ሂጂ።